32 ጊጋው ሚሞሪ ሞላ፣ ባጠፋም አልቀለለም (የካሴት መቅጃዬ ራስፕቤሪ ፓይ፣ ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፤ እንዴት ከረማችሁ። የምጽፈው ከደሴ ነው። ነገሬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ 61 ካሴት ትተውልን ነው የሄዱት። አብዛኛው መንዙማ ነው፤ ከፊሉ ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ ሲሄዱ የቀዱት፣ ከፊሉ እዚሁ ቤታችን ሐድራ (የዱዓና የመንዙማ ስብስብ) ተቀምጠው የተቀዳ። ጥቂት የሰርግ ዘፈን አለበት። ሁለቱ ደግሞ ስልክ ብርቅ በነበረበት ጊዜ ዐረብ አገር ለነበረችው አክስቴ ሊላኩ ተቀድተው፣ የሚወስድ መንገደኛ ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ የቀሩ የድምፅ ደብዳቤዎች ናቸው።

እነዚህን ወደ ፋይል ለመገልበጥ አንዲት በሁለተኛ እጅ የገዛኋት ራስፕቤሪ ፓይ 3 አለችኝ። የማታውቋት ካላችሁ፣ መዳፍ የምታክል፣ 1 ጊጋ ራም ያላት፣ ሊኑክስ የምትሠራ ኮምፒውተር ናት፤ ሃርድ ዲስክ የላትም፣ ሁሉ ነገሯ ያለው አንዲት የጥፍር ያህል ሚሞሪ ላይ ነው። ድምፅ ማስገቢያ ስለሌላት የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ ሰካሁባት፤ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ እሷ ገመድ ዘረጋሁ። ቴፑን እጫንና ሥራዬን እሠራለሁ፣ እሷ በዌቭ (ባልታመቀ የድምፅ ፋይል) ትቀዳለች። 34 ካሴት ድረስ ሰላም ነበር። 35ኛው ላይ ቦታ የለም ብላ ቆመች።

34ቱንም 64 ጊጋ ፍላሽ ላይ ገልብጫቸው ስለነበር ከ11 እስከ 15 ያሉትን በማውዝ መርጬ አጠፋሁ። ዲኤፍ (ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ የምትናገር ትእዛዝ) ስላት ግን አሁንም 100 ፐርሰንት ትለኛለች። ጥያቄዬ ሁለት ነው፤ ቦታውን እንዴት ላስለቅቅ? ሚሞሪው አንድ ቀን ቢሞትስ ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን አሠራር እንዳለ የማስቀርበት መንገድ ምንድነው?

(ከዚህ በታች ያለውን የጨመርኩት መልሱ 30 ካለፈ በኋላ ነው። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው እየጠየቀኝ ስለተቸገርኩ፣ ማን ምን እንዳለ በቁጥሩ ቅደም ተከተል በራሴ አፍ ልንገራችሁ። ያዛባሁት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።)

1ኛ፦ ከኮምቦልቻ ነው የተጻፈው። ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ነበር፣ ምክሩ አንድ መስመር። አፕት ክሊን በልና የወረዱ የፕሮግራም ጥቅሎችን አራግፍ፣ አፕት አውቶሪሙቭ ደግሞ የማያስፈልጉትን ያወጣልሃል አለኝ። አደረግሁት። ወደ 300 ሜጋ ተገኘ፤ ግማሽ ካሴት እንኳ አይሆንም። ሰውየው ግን በመልካምነቱ ቀጥሎ ምን ዓይነት መንዙማ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የክሩ (የዚህ ውይይት) አቅጣጫ የጠፋው እዚያው ነው ብል አልዋሸሁም።

2ኛ፦ ወልዲያ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። አጻጻፋቸው እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ከመቁረጥ በፊት መለካት ይቅደም አሉ። ዲኤፍ ጠቅላላውን ብቻ እንደምትናገር፣ ማን ምን ያህል እንደያዘ የምትናገረው ዲዩ እንደሆነች አስረዱኝና ከሥር ማህደሩ ጀምሬ በመጠን ደርድሬ እንዳወርድ አዘዙኝ። ከዚያ ራሳቸው ሒሳብ ሠሩ። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት በስቴሪዮ ዌቭ፣ በሲዲ ጥራት፣ 635 ሜጋ ይመጣል፤ 34 ካሴት ወደ 21 ጊጋ ከግማሽ። ሲስተሙ 5 ጊጋ ቢወስድ 27 አይሞላም። የተቀረው የት ገባ? ይህን ጥያቄ አንጠልጥለው ክፍለ ጊዜዬ ደረሰ ብለው ሄዱ።

በዚያውም ዌቭን ወደ ፍላክ እንድቀይር መከሩኝ። ፍላክ ድምፁን ሳይነካ መጠኑን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ የካሴቱ ሽሽታ የበዛበት ቅጂ ላይ ግን ያን ያህል አይቀንስም። አያትህ የቀዱት ባለ አንድ ማይክ ቴፕ ከሆነ ደግሞ ግራና ቀኝ ብሎ ሁለቴ መያዙ ብክነት ነው፣ ሞኖ ይበቃል አሉ። ልክ ነበሩ።

3ኛ፦ ሁለት ቃል ነው። ቅርጫቱን ባዶ አድርግ። በማውዝ ያጠፋኸው አልጠፋም ማለቱ ነው፤ ዌስትባስኬት ውስጥ ቁጭ ብሏል።

4ኛ፦ የራሴ ነው። ገብቼ አየሁ፣ እውነትም አምስቱ ካሴቶች 3 ጊጋ ከምናምን ይዘው እዚያ ተቀምጠዋል። አመስግኜ፣ አሁን ባዶ ላደርገው ነው ብዬ ጻፍኩ። ይህን የጻፍኩት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ደግነቱ መብራት ጠፋ።

5ኛ፦ መብራት ሲመጣ የጠበቀኝ ይኸ ነበር፤ ከደሴው ከራሳችን ከአራዳ ነው። ሰላምታ የለውም። እጅህን አንሳ ብሎ ጀመረ። ፍላሹ ላይ ገልብጫለሁ ያልከውን ከፍተህ ሰምተኸዋል ወይ? ስሙንና መጠኑን አይተህ ነው ያለው ያልከው? 64 ጊጋ ፍላሽ በእጅ አዟሪ ዋጋ የገዛህ ከሆነ ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለህ? አለና፣ ዘሩን አስፈጭቶ ገንፎ የበላ ገበሬ ሰኔ ሲመጣ ምን እንደሚዘራ ጠየቀኝ። የአያቱን ድምፅ በማውዝ የሚጠርግ ልጅ የወለደ ቤት ያሳዝነኛል እስከማለትም ደረሰ። ፊቴ ቀላ። ቤተሰቤ ውስጥ ምን አገባው?

6ኛ፦ ከሐይቅ የጻፈች እህት ለእኔ ተቆጣች። ምክሩ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን ወሎ ቤት ቡና ጀባ ይባላል እንጂ ስድብ ጀባ አይባልም ብላ ገሠጸችው። እሷም ብትሆን ታዲያ በመጨረሻው መስመር ላይ፣ ሰውየው እንዳለው ፍላሹን ክፈትና ስማ ብላኛለች።

7ኛ፦ የአራዳው ተመለሰ። ይቅርታ አላለም። ፎቶ ቤት እንደነበረው፣ የሦስት ዓመት የሰርግ ፎቶ አንዲት ፍላሽ ላይ ገልብጦ ኮምፒውተሩን ፎርማት እንዳደረገ፣ ፍላሿ ላይ ስሙ ሁሉ ተደርድሮ ሲከፈት ግን ግራጫ እንደሆነ ብቻ ነገረን። አንዲት ሙሽራ እናቷ በሰርጓ ማግስት ሳምንት ሞተው፣ ያንን ፎቶ ፍለጋ ሱቁ ደጃፍ ስትመላለስ እንደከረመች ጻፈ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረውም።

8ኛ፦ የኔ። ይህችን ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰካሁና ማዳመጫ አድርጌ ከ11 ጀመርኩ። 11 ደህና ነው፤ አያቴ ከመጀመራቸው በፊት ሁልጊዜ ጉሮሯቸውን ሁለቴ ይጠርጋሉ፣ እሱ አለ። 12 ደህና ነው። 13 የመጀመሪያው ፊት አለቀ፣ ካሴቱ ሲገለበጥ ቀጭ የሚለው ተሰማ፣ ሁለተኛው ፊት ጀመረ፣ ጭብጨባው ሞቅ ሲል ቀጥ አለ። ሽሽታ እንኳ የለውም፤ ባዶ። 14ን ማጫወቻው አላውቀውም አለኝ። 15ም እንደዚያው። ስማቸው አለ፣ 635 ሜጋ ይላል፣ ውስጣቸው ግን ምንም የለም።

14ኛው ካሴት ከአክስቴ ደብዳቤዎች አንዱ ነው። ዋናውን ካሴት ቀድቼ ሳወጣው ቴፑ በልቶታል፤ ክሩ ተኮማትሮ እንደ ተልባ ፍትፍት ሆኖ ነው የወጣው። ስለዚህ በዚህች ምድር ላይ ያ ድምፅ ያለው ዌስትባስኬቱ ውስጥ ብቻ ነበር፤ መብራት ባይጠፋ ደግሞ እዚያም አይኖርም ነበር።

የአራዳው ሰው በነገረኝ መሠረት ኤፍ ስሪ የሚባለውን ፕሮግራም ጭኜ ፍላሹን ፈተንኩት። ፕሮግራሙ የሚያደርገው ቀላል ነው፤ ፍላሹን እስከ አፉ በታወቀ ነገር ይሞላና መልሶ ያነበዋል። 64 ጊጋ የተባለው ፍላሽ እውነቱ 8 ጊጋ ገደማ ነው። ቺፑ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ 64 ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል፤ ከ8 በኋላ የምትሰጠውን እሺ እያለ ይቀበልሃል፣ የትም አያስቀምጠውም። 8ን ለ635 ሜጋ አካፍሉት፤ 12 ካሴት ከግማሽ። 13ኛው መሐል ላይ የተቆረጠበት ምክንያት ይኸው ነው። ከ16 እስከ 34 ያሉትም ፍላሹ ላይ እንደሌሉ የገባኝ ያኔ ነው።

ለአራዳው ሰው አመሰገንኩት። ቡና ጠራሁት፤ እስካሁን አልመጣም።

ከ9ኛ እስከ 14ኛ፦ እዚህ ክሩ ከእጄ ወጣ። አንዱ ካሴት በቢክ እስክሪብቶ ስለማጠንጠን አስታወሰና ሁሉም የየራሱን አወጣ። አንዱ ከመርሳ፣ በአንደኛው ካሴት ያለው ዜማ ባቲ ነው ወይስ አምባሰል ብሎ ጠየቀ። ሌላው አራቱ ቅኝት የዘፈን ነው፣ መንዙማን በዚያ አትለኩት ብሎ ተቆጣ። ሦስተኛው፣ ባቲም አምባሰልም የወሎ አገር ስም ነው፣ ዜማው ከአንድ አፈር በቅሎ ስሙ ምን ያጣላናል ብሎ ሊያስታርቅ ሞከረ፤ ሁለቱም ዞሩበት። እኔ ዝም አልኩ። አያቴ ራሳቸው ቢጠየቁ ስቀው ያልፉ ነበር ብዬ ነው።

12ኛው ላይ የመጣ ወጣት ዩቲዩብ ላይ ልጫነው፣ ገቢውን እንካፈል አለኝ። 13ኛው የከሚሴ ሽማግሌ ናቸው፤ በጣም ከረር አሉበት። የቤት ሐድራ ላይ የታመመ ሰው በስሙ ተጠርቶ ዱዓ ይደረግለታል፣ የተጣሉ ይታረቃሉ፣ የሴቶች ድምፅ አለ፤ ያ ሁሉ ሰው ሳይጠየቅ አደባባይ አይወጣም አሉ። ወጣቱ ሐሳቡን ነው ያቀረበው፣ ቁጣው በዝቷል፤ ነገሩ ላይ ግን ከሽማግሌው ጋር ነኝ።

15ኛ፦ የወልዲያው መምህር ተመለሱ። 2ኛው መልስ ላይ ያንጠለጠሉትን ያልመለስኩላቸው መሆኑን በትህትና አስታወሱኝ፤ የተረሳ የቤት ሥራ ማለት ነው። ዲዩን አስኬድኩ። ቫር ሎግ (ሲስተሙ የሚሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት) ማህደር፣ 4 ጊጋ! አንዲት ሲስሎግ የምትባል የጽሑፍ ፋይል ከነአሮጌ ቅጂዎቿ። ጭራዋን ከፍቼ ሳይ ያንኑ መስመር ሺህ ጊዜ ደጋግማ ጽፋለች፤ የኤሌክትሪክ ኃይል አነሰኝ፣ የድምፅ ካርዱ ተነቀለ፣ ተሰካ፣ ተነቀለ።

16ኛ፦ ያንን ሳስቀምጥ የኮምቦልቻው (1ኛው) ወዲያው መለሰ፤ ሥራው ኤሌክትሪክ እንደሆነ ያወቅነው እዚህ ላይ ነው። በምን እንደማበራት ጠየቀኝ። በስልክ ቻርጀር። ፓይ 3 5 ቮልት በ2.5 አምፔር እንደምትፈልግ፣ የስልክ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ 1 ወይም 2 እንደሚሰጥ፣ ቀጭን ገመድ ሲጨመርበት ደግሞ ጫፉ ላይ የሚደርሰው እንደሚያንስ ነገረኝ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት አይተህ አታውቅም ወይ አለኝ። አይቻለሁ። ጌጥ መስሎኝ ነበር።

17ኛ፦ አንዱ ታዲያ ፋይሉን ደምስሰው አለ። 18ኛው ተሽቀዳድሞ አረመው፤ የምዝገባው ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ እንደያዘ ስሙን ብትደመስስ ቦታው አይለቀቅም፣ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ እንደተያዘ ይቆያል፤ ትሩንኬት በሚባለው ትእዛዝ ወደ ዜሮ አውርደው አለ። የሲስተሙን ሌላ መዝገብ የምትቆጣጠረውን ጆርናልሲቲኤልንም ከ50 ሜጋ በላይ እንዳትይዝ ገድባት ብሎ አከለ። እንዳለው አደረግሁ፣ 4 ጊጋ ተነፈሰች። ዌስትባስኬቱን ሳልነካ!

ያኔ ነው መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግሁት። አምስቱን ከቅርጫቱ ወደ ቦታቸው መለስኳቸው፣ 34ቱንም አርሲንክ በሚባለው የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም በገመድ ወደ ላፕቶፑ አሻገርኳቸው፣ ከዚያ በሁለቱም በኩል ሻ256 ለየፋይሉ የሚሰጠውን እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር አስወጥቼ አስተያየሁ። 34ቱም ገጠሙ። 14ን ግን በቁጥር ብቻ አላመንኩትም፤ ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት።

19ኛና 20ኛ፦ አንዱ፣ ኤክስት4 (ሊኑክስ የሚጠቀምበት የዲስክ ፎርማት) ከዲስኩ 5 ፐርሰንቱን ለሩት (ለአስተዳዳሪው) ተጠቃሚ እንደሚያስቀር ነገረኝ፤ 32 ጊጋ ላይ አንድ ጊጋ ተኩል ይሆናል። ቱን2ኤፍኤስ በሚባለው ወደ 1 አውርደው አለ። ቀጣዩ ተቃወመው፤ ያቺ ቦታ የተተወችው ዲስኩ ሲሞላ ሲስተሙ እንዳይታነቅ ነው፣ ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ የሆነ ዲስክ ላይ አውርዳት፣ ሲስተሙ ያለበት ላይ ግን ተዋት አለ። ተውኳት።

21ኛ፦ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዬ የመለሰን የለገሂዳ ልጅ ነው፤ አሁን ኮምቦልቻ ይሠራል። ሙሉውን ሚሞሪ እንዳለ ለመቅዳት ፓይዋን ሥርዓት ባለው መንገድ ማጥፋት፣ ሚሞሪውን ማውጣት፣ ሊኑክስ ባለው ላፕቶፕ ላይ ዲዲ በሚባለው ትእዛዝ ወደ አንድ የምስል ፋይል (ፎቶ ሳይሆን ሚሞሪውን እንዳለ የያዘ ፋይል) መገልበጥ። እየሠራች እያለች መቅዳት ይቻላል የሚሉ አሉ፣ ግን ስትጽፍ መሐል የተነሣ ፎቶ እንደማለት ነው፤ አንዱ ፋይል ያለፈው፣ ሌላው የአሁኑ ይሆናል አለ። ዲዲ ላይ አይኤፍ የሚቀዳው፣ ኦኤፍ የሚጻፍበት ነው፤ እሱ ራሱ አንድ ሌሊት አገላብጧቸው የላፕቶፑን ዲስክ በባዶ ሚሞሪ እንደሸፈነው ተናዘዘ። ከዚያ ወዲህ ከመጫኑ በፊት ኤልኤስብሎክን (የተሰኩትን ዲስኮች የምትዘረዝር ትእዛዝ) አስነብቦ፣ መጠናቸውን በጣቱ እየጠቆመ ጮክ ብሎ ያነባል አሉ። ሚስቱ ቁርኣን የሚቀራ መስሏት ነበር ብሎ አሳቀን።

22ኛ፦ ዊንዶውስ ላይ ለሚሠራ ሰው የተሰጠ ማስጠንቀቂያ። የፓይ ሚሞሪ ሁለት ክፍል አለው፤ ትንሿ የማስነሻ ክፍል ዊንዶውስ የሚያውቃት ናት፣ ትልቋ ኤክስት4 ስለሆነች አያውቃትም። ስለዚህ ሚሞሪውን ስትሰካ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሺ የሚለውን የተጫነ የታናሽ ወንድሙን ታሪክ ነገረን። ምን እንዳደረገው አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

23ኛ፦ የኔ፣ ስሞታ። በዲዲ ምስሉን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስቀዳ 4 ጊጋ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቴም እዚያው።

24ኛ፦ መምህሩ። የሃርድ ዲስኩ ፎርማት ፋት32 ይሆናል አሉ፤ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ አይችልም። ወይ በኤግዝፋት ፎርማት አድርገው (ባዶ ከሆነ ብቻ፣ ብለው ሁለት ጊዜ ጻፉ)፣ ወይ ስፕሊት በሚባለው እየቆራረጥክ ጻፈው። ባዶ ስለነበር ኤግዝፋት አደረግሁት። አለቀ።

25ኛ፦ አንዱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ይኼ ሁሉ ጣጣ ለምን፣ አንድ ቴራ ገዝተህ አትገላገልም አለ። የሐይቋ እህት፣ ባለ 64ቱን የገዛውም እንደዚያ ብሎ ነበር ብላ ዘጋችው።

26ኛና 27ኛ፦ እዚህ ላይ ጥሩ ክርክር ተነሣ። የባቲ ልጅ ነኝ ያለ፣ ምስሉ ውስጥ ቅጂዎቹን ለምን ትከታለህ አለኝ። ሲስተሙ 5 ጊጋ ነው፣ በወር አንዴ ቢቀየር ነው፤ ካሴቱ በየቀኑ ይጨምራል። ቅጂዎቹን ከሚሞሪው አውጥተህ ሌላ ዲስክ ላይ አድርግ፣ እነሱን በአርሲንክ አዲስ አዲሱን ብቻ ላክ፤ ምስሉን በቀለለው ሚሞሪ ላይ አንሣ፣ ፓይሽሪንክ በሚባለው ፕሮግራም አጥብበው። ካልጠበበ ሌላ አደጋ አለው፤ ሁለት ባለ 32 ጊጋ ሚሞሪዎች ፋብሪካቸው ከተለያየ መጠናቸው እኩል አይሆንም፣ በጥቂት ሜጋ ያነሰው ላይ ምስሉ አይገባም። የለገሂዳው በዲዲ ላይ የተነገረበት መስሎት ትንሽ ተከፋ፤ ሲስተሙንም በአርሲንክ ገልብጦ አዲስ ሚሞሪ ላይ አልነሣ ያለውን ሰው እንደሚያውቅ፣ ምክንያቱም ኤፍስታብና ሲኤምዲላይን በሚባሉት ሲስተሙ ሲነሣ የሚያነባቸው ፋይሎች ውስጥ የተጻፈው የክፍሉ መለያ ቁጥር የአሮጌው ሚሞሪ ስለነበር እንደሆነ ነገረው። የባቲው ሲስተሙን በአርሲንክ አላልኩም፣ አንብብ አለው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እኔ የሁለቱንም ነው ያደረግሁት።

28ኛ፦ የመብራት ነገር። ደሴ ሳይነገር ይጠፋል፤ ፓይ ደግሞ እየጻፈች ሳለ ከጠፋ ሚሞሪው ሊበላሽ ይችላል። የኮምቦልቻው ኤሌክትሪሻን እየሞላ ማውጣትም የሚችል ፓወር ባንክ መሐል እንዳስገባ መከረኝ። ሁሉም አይችሉም፤ አንዳንዱ መብራት ሲሄድ ለቅጽበት ያቋርጣል፣ ያቺ ቅጽበት ትበቃለች።

29ኛ፦ ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ የሰዓት። ፓይ 3 በባትሪ የሚሠራ ሰዓት የላትም፤ ኢንተርኔት ካላገኘች ስትነሣ ሰዓቷ ከቆመችበት ይቀጥላል። የፋይሎቼ ቀን ለምን እንደተምታታ ገባኝ። በቀን ሳይሆን በካሴቱ ቁጥር ሰይማቸው ተባልኩ። 30ኛው የኢትዮጵያን ቀን ተጠቀም አለ፤ 31ኛው ጳጉሜን 13ኛ ወር ብሎ የጻፈበት ፕሮግራም እንዴት እንዳበደበት እየማለ ተረከ። ለዚያ ሌላ ክር ይከፈት።

32ኛ፦ የኔ የመጨረሻው። ዛሬ 52 ካሴት ላይ ነኝ። ቅጂዎቹ በፍላክ፣ ሞኖ፣ አንዱ ኤክስተርናሉ ላይ፣ አንዱ ላፕቶፑ ላይ አሉ። ሦስተኛውን፣ ኤፍ ስሪ ፈትኖ ያለፈውን ፍላሽ፣ ባለፈው ቅዳሜ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ አደረስኩት፤ ከአንድ ቤት ውጭ ይሁን ብለውኝ ነው። የሲስተሙን ምስል ሌላ ሚሞሪ ላይ መልሼ ጻፍኩት፣ ፓይዋ ተነሣች፤ ያን ሳላይ ባክአፕ አለኝ አላልኩም።

አክስቴ ፍላሹን የት ላስቀምጠው አለችኝ። በቡናው ቆርቆሮ ውስጥ እንዳታደርጊው አልኳት፣ እዚያው ነው ያደረገችው። ከማስቀመጧ በፊት ግን 14ን በስልኳ ከፈትኩላት። አያቴ ጉሮሯቸውን ሁለቴ ጠረጉ፤ ገና ሳይናገሩ ነው እጇን አፏ ላይ ያደረገችው። ከዚያ ብር ከምትልክ ራሷን እንድትልክ ያዝዟታል፤ በስተኋላ አንድ ሰው ሲኒ ሲያጥብ ይሰማል። ሲኒ የሚያጥበው ማን እንደሆነ ሦስት ጊዜ መልሳ ሰማች፣ ሦስቴም የተለያየ ሰው ስም ጠራች።

33ኛ፦ ከወረኢሉ አንድ ወንድም፣ የድምፅ ካርዱን ከየት እንደገዛሁት ይጠይቃል። ማታ ፎቶውን አነሣልሃለሁ።